የፒየትሮ ጠበቃ

ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች ልጅ ካቶሊክ ትምህርት ቤት የምናስገባው ሮምን ብለን አይደለም። ዩኒፎርሙን፣ ሥርዓቱን፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለቅሶ ቤት «ልጅህ የት ነው የሚማረው?» ሲሉን የምንመልሰውን ብለን ነው። ቅዳሴያችን ተዋሕዶ፣ ደረሰኛችን ካቶሊክ።

ዘንድሮ የሃይማኖት መምህሩ በፈተና ፈንታ የአንድ ቅዱስ ሕይወት፣ ፈጠራ የታከለበት አጭር ቪዲዮ ይሁን ብለው አዘዙ። ልጄ የአሲዚውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስን መረጠ። ራሱ ቅዱሱን ሆነ፤ ጓደኛው ስልክ ያዘ፤ ጎረቤታችን ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጳጳስ ሆነ። እኔ አባትየው ጨርቅ ነጋዴው ፒየትሮ ዲ በርናርዶኔ ነኝ። «ምንም አታጥና፣ ዝም ብለህ ተቆጣ» አለኝ።

ታሪኩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1206 ገደማ ወጣቱ የአባቱን ጨርቅ ፈረስ ላይ ጭኖ ፎሊኞ ወረደ። ጨርቁንም ፈረሱንም ሸጦ ገንዘቡ የሳን ዳሚያኖ ቤተ ክርስቲያን ማደሻ ይሁን አለ። አባት ከሰሰ። ልጅ ጳጳሱ ፊት ቀርቦ ገንዘቡን መለሰ፣ የለበሰውንም አውልቆ አስረከበ፤ ጳጳሱ በካባቸው ሸፈኑት። አሲዚ ባዚሊካ ግድግዳ ላይ ባለው ሥዕል ፒየትሮ የልጁን ልብስ ታቅፎ፣ ሰው ክንዱን ይዞት ይታያል። ሁሉም ለልጁ ያዝናል፤ የፈረሱን ነገር የሚያነሳ የለም።

እናቴ ፍራንቸስኮስ ስለ ሰበከላቸው ወፎችና ስላለመደው የጉቢዮ ተኩላ ስትሰማ «ይሄ እኮ አቡዬ ናቸው» አለች። «ተኩላው ስንት ነው?» «አንድ።» «አንድ ብቻ?» 60 አንበሳና 60 ነብር የሚያስከትሉ፣ ለተጠማች ወፍ እንባቸውን ያጠጡ ጻድቅ ያላት ሴት በአንድ ተኩላ አትደነቅም።

ቀረጻው ሳሎን ውስጥ ተጀመረ። የባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሶች ሸቀጥ ሆነው ተደረደሩ። ልጄ ሸሚዙን አውልቆ በቅርጫት ኳስ ቁምጣ ቀረ፤ ከዚያ በላይ ትምህርት ቤቱም አይፈቅድ። እኔም ተቆጣሁ። በእንግሊዝኛ ጀምሬ «ይሄን ሁሉ የምለፋው ለማን ነው!» ላይ ስደርስ አማርኛው ገነፈለ፤ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የሌሊት ሥራው፣ አምና የጠፋው ጃኬት ሳይቀር ተነሳ።

«ዳዲ፣ ጃኬቱ ስክሪፕቱ ላይ የለም።»

ጳጳሱ ሲስቅ ፎጣው ወደቀ። ይሄኔ እናቴ ካሜራ ሳትል ምን ሳትል ብድግ ብላ «ልጁን ብርድ ልታስመታው ነው!» አለችና ጋቢዋን አልብሳው እኔን ገላመጠችኝ።

መምህሩ ከሁሉ የወደዱት ያንን ነው። ጳጳሱን በአያት መተካት ድንቅ ፈጠራ ነው ብለው ጻፉ፤ ልጄም አላረማቸውም። ስለ እኔ የተጻፈው አባትየው ከልኩ በላይ ይጮኻል የሚል ብቻ ነው።

ይሁን። ግን አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ልጁ ሲወለድ ፒየትሮ ለንግድ ፈረንሳይ ነበር፤ እናቲቱ ዮሐንስ ብላ አስጠምቃው ቆየች ይባላል። ፍራንቼስኮ ያለው ከመንገድ የተመለሰው አባት ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ከተማ የሚጠራበትን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረጡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትም የወሰዱትን ስም ያወጣው ያ ጯሂ ጨርቅ ነጋዴ ነው።