የዳማው ኪራይ

ዝም ብዬ መኖር የምችል ሰው ነበርኩ። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ አንድ ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ አንድ ጆሮዬ ደግሞ የሚሰማው ደስ ያለውን ብቻ ነው። ሰንዳፋ ላይ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት ከሚያየው አጥሬ ሥር ጋቢዬን ተከናንቤ ፀሐይ እየሞቅኩ፣ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ እየረገምኩ በሰላም ማርጀት ይገባኝ ነበር። አልተፈቀደልኝም። ዘፋኝ ካሜራ አስከትሎ ግቢዬ ድረስ መጣብኝ።

ያለፈው ዓመት ኅዳር ነው። ስንዴው ደርሶ፣ የጠዋቱ ውርጭ ጣት እየቆረጠ፣ ሁለት ሚኒባስና አንድ አይሱዙ አጥሬ ሥር ቆሙ። ደብተር የታቀፈች ልጅ ወረደችና "አባባ፣ ፊልም ልንቀርፅ ነው። ሜዳዎንና ያንን ዳማ ፈረስ ያከራዩን" አለችኝ። የፈረስ ኪራይ በቀን ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም፤ ስለዚህ ቶሎ ተስማማን።

"የሚጋልበው ማነው?" አልኳት።

"መሪ ተዋናዩ ነዋ! የሮክ ዘፋኙ። አያውቁትም እንዴ?"

"ዘፋኝ ከሆነ ለምን አይዘፍንም?"

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም። መልሱን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የልጁን ስም አልጠራም፤ እናት አለችው። በፊልሙ ላይ በጣሊያን ጊዜ የነበረ የአርበኛ ልጅ ነው አሉ። ክንዱ ላይ የተነቀሰውን ጊታር በጭቃ መረጉለት፤ የጆሮውን ቀዳዳ ደፈኑለት፤ በርኖስ አለበሱት። ከዚያ አራት ሰው ተሸክሞ ዳማው ላይ አወጣው። ልጓሙን እንዴት እንደያዘው ብነግራችሁ አታምኑኝም፦ ግራ እጁን ወደ ላይ፣ ቀኝ እጁን ሆዱ ላይ። ጊታር አድርጎት ቁጭ! ዳማው አንገቱን አዙሮ አየው። ያ ፈረስ ብዙ ጉድ አይቷል፤ ሙሽራ ተሸክሟል፣ ሰካራም ተሸክሟል፣ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞት አያውቅም።

የሚናገረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። "አባቴን ማን ገደለው?" ማለት። በቃ። እኔ ለጎረቤቴ "በሬዬን ማን ፈታው?" እንደምለው ማለት ነው፤ ቶሎ፣ በንዴት። ልጁ ግን ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ሰበረ፣ "ማ-ን ገ-ደ-ለ-ው" ብሎ የመጨረሻውን ፊደል እስከ ለገዳዲ ጎተተው። ይኼ ሳያንስ፣ ሲጨርስ እጁን ወደ እኛ ዘረጋ። መድረክ ላይ ማይኩን ወደ ሕዝቡ እንደሚያዞሩት አድርጎ፣ እኛ እንድንመልስለት! ተሰብስበው የነበሩት የሰፈሩ ልጆች መቼ ያሳፍራሉ፣ ባንድ አፍ "ጣሊያን!" አሉ።

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ።

አሥራ ሰባት ጊዜ ደገሙት። ቆጥሬያለሁ። በዘጠነኛው ላይ የጎረቤቴ ውሻ ያንን በዘንግ ጫፍ የሚንጠለጠል ፀጉራም ማይክ ድመት መስሎት ዘሎ ያዘው። በአሥራ ሰባተኛው ዳማው ሰለቸውና ጀግናውን እንደተሸከመ ወደ ወንዝ ወርዶ ውኃ ጠጣ። ዳይሬክተሩ ካሜራውን አየት አድርጎ "ፈረሱ በጣም ጥሩ ነው" አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ደስ ያለውን በሚሰማው።

ደግሞ የታሪኩ ነገር! በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም ርዕሱ "ሂሩት አባቷ ማነው?" ነበር። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ዛሬም ሰንዳፋ ሜዳ ላይ አንድ ዘፋኝ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ስለ አባቱ ይጠይቃል። ይኼ ፊልማችን አባቱን ፈልጎ ሳያገኝ እኔ ልሞት ነው።

ዘፋኝ ለምን ተወነ ብዬ እንዳይመስላችሁ የምነጫነጨው። ዘፋኝ ሲተውን አይቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከዚያ ወዲህ የተነሳውን አርቲስት ብትጠይቁ፣ አንዱ ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ጭብጨባው ሳያልቅ ልብስ ቀይሮ ደግሞ በቴአትሩ ይመጣል። በ1948 ዓ.ም. በ"ዳዊትና ኦርዮን" የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም እንደዚያው ነበር። አስናቀች ወርቁን ውሰዱ። ወንድ ቀሚስ ለብሶ የሴት ገጸ ባሕርይ በሚጫወትበት ዘመን መድረክ ላይ ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ክራሯን ስትይዝ ክራር ተጫዋች፣ ክራሯን ስታስቀምጥ ተዋናይት። ክራሩን ማስቀመጥ ታውቅበታለች፤ ነገሩ እሱ ነው። መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ሁለት ሰው ነው የቀበርነው። የእኔ አርበኛ ግን በርኖስ ለብሶ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ጊታሩን ማስቀመጥ አቃተው፤ ጊታሩ በሌለበት!

የፈረንጁም ቢሆን ያው ነው። በልጅነቴ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብቼ ኤልቪስ ፕሪስሊን አይቻለሁ። ሰውዬው ከ1956 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሠላሳ አንድ ፊልም ሠርቷል። ሠላሳ አንድ! መኪና ሲሽቀዳደም ያው ኤልቪስ፣ አውሮፕላን ሲያበር ያው ኤልቪስ፣ ሲደባደብ እንኳ ፀጉሩ አይበላሽም። እኛ ግን የሄድነው ፀጉሩን ልናይ ስለነበር ቅር አላለንም። ዴቪድ ቦዊ የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሆኖ ተጫወተ፤ የልጅ ልጄ ፎቶውን ቢያሳየኝ፣ እውነቱን ነው፣ ሰውዬው መልኩም የዚህ ዓለም አይደለም። መልክህን አውቀህ መግባት ይኼ ነው። እኔም ዳይሬክተር ብሆን የእኛን ልጅ የሮክ ዘፋኝ አድርጌ አሠራው ነበር።

የእኛው ኤልቪስ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ፀጉሩ የኤልቪስ፣ ሸሚዙ የኤልቪስ፣ ድምፁ ግን የራሱ። በጉርምስናው ሆሊውድ እገባለሁ ብሎ ከቤት ጠፍቶ፣ መርከብ ፍለጋ ምፅዋ ድረስ እንደሄደ ይተርኩለታል። ሳይሳፈር ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለዚያ ጥሎት ለሄደው መርከብ ሐውልት ባሠራለት! ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ሆሊውድ ውስጥ ከአንድ ተኳሽ ኋላ ቆሞ የሚሞት ጥቁር ሰው ሆኖ በቀረ ነበር። ተመልሶ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባና ነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ሲዘፍን ኖረ። እኔም የፖሊስ ዩኒፎርም ለብሼ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ለኦርኬስትራችን አዳላለሁ፤ አልክድም። ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ቁጭ ብዬ ለማን ላዳላ?

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ ሮጦ መጣና "አባባ፣ የሀበሻ ልጅ የሆሊውድ ተዋናይ ሆነ!" አለኝ። አቤል ተስፋዬ፤ ቶሮንቶ የተወለደው፣ ዓለም ዘ ዊክንድ የሚለው። ሮክ እንኳ አይደለም የሚዘፍነው፤ ግን በሽታው ያው ነው። ስሙ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቅ "ቅዳሜና እሁድ" አለኝ። ቅዳሜና እሁድ የሚባል ሰው ሰኞ ምን ይሠራል? ይተውናላ!

በ2023 እ.ኤ.አ. በኤችቢኦ በወጣ "ዘ አይዶል" የሚባል ተከታታይ ድራማ ላይ የምሽት ክበብ ባለቤት፣ አንዲት ወጣት ዘፋኝን የሚያሳስት ተንኮለኛ ሆኖ ተጫወተ። ይሁን። የገጸ ባሕርዩ ስም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቴድሮስ! መቅደላ አፋፍ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን የጠጣውን ንጉሥ ስም ለጭፈራ ቤት ሰውዬ! ስሙን ስሰማ ጋቢዬ ከትከሻዬ ወደቀ። ድራማው በአምስት ክፍል አለቀ፤ ሁለተኛ ዙር አልተሠራለትም። የንጉሡ መንፈስ ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ ግን የተመልካች ማነስ ነው ትላለች።

አልተማረም። በ2025 እ.ኤ.አ. "ሀሪ አፕ ቱሞሮው" በሚል ፊልም ራሱን ሆኖ፣ እንቅልፍ የነሳው፣ ድምፁ የጠፋበት ዘፋኝ ሆኖ መጣ። ተቺዎቹ ደግሞ አላዘኑለትም፤ ቀጠቀጡት። ሰው ራሱን ሆኖ መጫወት ካቃተው ማንን ሊሆን ነው? ልጁን ግን አልጠላውም። አማርኛውን ከአያቱ ነው የተማረው፤ አያት የሚሰማ ልጅ ደግሞ ብርቅ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለተቸገረው ወገኑ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ይዝፈን፣ ይስጥ፣ ይባረክ። ቴድሮስን ብቻ ይመልስልን።

ፊልም እንዴት እንደሚገባ ማየት የሚፈልግ ሙላቱ አስታጥቄን ይይ። በ2005 እ.ኤ.አ. "ብሮክን ፍላወርስ" የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲወጣ ሙዚቃው ገባ፣ እሱ አልገባም። ፊልሙን ያየ ፈረንጅ ሁሉ ግን "ይኼ ሙዚቃ የማነው?" እያለ ሲጠይቅ ከረመ። አንዲት ፀጉሩ አልታየችም።

ታዲያ ለምን ይመጣሉ? ሲዲ ሞቷል። ዘፈኑ በስልክ በነፃ ይዞራል፤ ዘፋኙ ይራባል። ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ፖስተር ላይ የሚለጥፈው የታወቀ ፊት ይፈልጋል። የራበውና ፊት የሚፈልገው ሲገናኙ ዳማዬ ይከራያል።

እኔ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ነው። ዘፋኝ ሥራው እኛን ማየት ነው። ቆማችሁ አጨብጭቡ፣ እጃችሁን አንሱ፣ አብራችሁኝ በሉ ይላል። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. "ኤርታሌ" የሚለውን አልበም ሲያወጣ የልጅ ልጄ ከፈተው፤ እኔ ወፍጮ ቤቱ የፈነዳ መስሎኝ ወጣሁ። ጃኖ ብዬ የማውቀው የክብር ልብስ ነበር። ስመለስ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ በከዘራዬ መሬቱን እየመታሁ ነበር። ሮክ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን አይተውህም፣ ካልመለስክለት አይለቅህም። ተዋናይ ግን እኛን ማየት የለበትም። እኛ የለንም። ያ የእኔ አርበኛ አሥራ ሰባት ጊዜ የፈለገው የአባቱን ገዳይ አልነበረም፤ እኛን ነበር የሚፈልገው። ዳማው ግን ማንንም አልፈለገም። ውኃ ፈለገ፣ ሄዶ ጠጣ።

የሚችሉ የሉም አላልኩም። ጊታር ይዛ የምትዘፍነው ዘሪቱ ከበደ "ቀሚስ የለበስኩለት" ላይ ስትጫወት ከባለቤቴ ጋር ሆነን አይተናል። ልጅቱ ሰው ቤቱ እንደሚያወራ ታወራለች። አንዴም ወደ እኛ አልዞረችም። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ስጽፍ ባለቤቴ ቡናዋን እየወቀጠች ታዳምጣለች። "አንተ ሰውዬ፣ ያንተንስ አትጽፈውም?" አለች። አልጽፈውም ነበር። እሷ ለሰፈሩ ሁሉ ስላወራችው ግን ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ሬሳ ጎደለባቸው። የአርበኛው አባት። "አባባ፣ መተኛት ብቻ ነው" አለች ባለደብተሯ። መተኛት ለእኔ! ሙያዬ አይደለም እንዴ? በነጠላ ገነዙኝ፤ ሳር ላይ አጋደሙኝ። ልጁ ከዳማው ወረደና አጠገቤ ተንበረከከ። እናም፣ የማልዋሸው ነገር ነው፣ አለቀሰ። ያለ ድምፅ፣ ያለ ጊታር፣ እጁንም ሳይዘረጋ። እንባው አገጬ ላይ ጠብ አለ። ለካ የራሱ አባት በዚያው ዓመት ነው የሞተው፤ ኋላ ነው የነገሩኝ። ሜዳው ፀጥ አለ። ዳይሬክተሩ ትንፋሹን ያዘ። ያኔ አንድ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች።

አስነጠሰኝ። እንደ መድፍ።

ዳይሬክተሩ ሌላ የሚወረውረው ኮፍያ አልነበረውም። ልጁ እንባውን ጠርጎ "አይዞዎት አባባ፣ እንደገና እንሠራዋለን" አለኝ። እንደገና ሠራነው። እንደገና ግን አላለቀሰም።

ፊልሙ ወጣ አልወጣ አላውቅም። የማውቀው ይኼን ነው፦ ዳማው ሦስት ቀን ሠርቷል፤ የተከፈለኝ የአንድ ቀን ነው። ስልክ ስደውል አይነሳም። የሬሳነቴን ሒሳብ ትቼላቸዋለሁ፤ አበላሽቻለሁ። የፈረሱ ግን ይለያል፤ እሱ አንድም ነገር አላበላሸም። ያቺን ባለደብተር ልጅ የምታውቋት ካላችሁ፣ "ዳማ፣ ሁለት ቀን ቀሪ" ብላ ስትጽፍ አይቻታለሁ በሉልኝ።