የቃላባይነት አጭር መመሪያ

ቃላባይ መሆን በአንድ ጀንበር አይሳካም፤ ልምምድ ይፈልጋል። ለልምምዱ ከእቁብ የተሻለ ቦታ የለም። እቁብ ብዙውን ጊዜ ቤትም መኪናም በመያዣነት አይጠይቅም፤ የቆመው በሰው ቃል ላይ ነው። ቃልህን ለማርከስ ቆርጠህ ከተነሣህ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ፈጽም።

አንደኛ፣ ከትንሹ ጀምር። ጓደኛህ ካፌ ተቀምጦ ሲጠብቅህ፣ አንተ ገና ካልሲህን እየፈለግህ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» በለው። ሁለተኛውን ማኪያቶ ካዘዘ በኋላ ሲደውል ደግሞ በመንገድ መዘጋጋት አሳብብ። ይህን ማንም ከውሸት አይቆጥረውም። አፍህ ሳያፍር መዋሸትን የሚለምደው እንዲህ ባለው ነው።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ብድር እርሳ። ለታክሲ የተበደርካትን 50 ብር «ይህችማ ምኑ ትጎዳዋለች» ብለህ እለፋት። አበዳሪህ ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅህም። ዕዳው ያንተ ሆኖ ሳለ እፍረቱን ለእርሱ ተውለት።

ሦስተኛ፣ እቁብ ስትገባ የፊተኛውን ዕጣ ለምነህ ውሰድ። 20 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር የሚጥሉበትን እቁብ እናስብ። ድምሩ 100,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ለሚወስድ ሰው ከዚህ ውስጥ የራሱ የሆነው 5,000 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው 95,000 ብር የ19 ሰዎች አደራ ነው። አንተ ግን «ደረሰኝ» በል እንጂ «ተበደርኩ» አትበል። መጨረሻ ላይ የሚደርሳትን እንጀራ ጋጋሪ ከቶ አታስባት። በየወሩ ሊጥ የደረቀበት እጇ መቀነቷን ፈቶ ብሩን አንድ በአንድ ሲቆጥር ብታይ እንኳ ፊትህን አዙር።

አራተኛ፣ የሚወድህን ሰው ዋስ አድርገህ ጥራ። የማይወድህ ሰው ዋስ አይሆንህም። «ለስሙ ነው፣ ምን ይመጣል ብለህ ነው?» እያልህ አስፈርመው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1920 ባለዕዳው ሳይከፍል ሲቀር ዋሱ ለመክፈል ግዴታ የገባ ሰው መሆኑን እንደሚደነግግ አትንገረው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አንሥቶ ያንተን ዕዳ ሲሸፍን ይህን ይማረዋል።

አምስተኛ፣ ቀስ በቀስ ጥፋ። ዕጣውን ከወሰድህ በኋላ በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ዘገየ በል። በሁለተኛው ወር «ባንክ ሄጄ ሲስተም የለም አሉኝ» በል። በሦስተኛው ስልክ ቁጥርህን ቀይር። እስከዚህ ከደረስህ ተመርቀሃል።

የፌዙን ምክር እዚህ ላቁመውና ከልቤ የምለውን ልበል። እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ከገንዘቡ የበለጠ ነገር ይዞ ይሄዳል። ዋሱ ከእንግዲህ ለወንድሙም ዋስ መሆን ይፈራል። ጋጋሪዋ የለፋችበትን ገንዘብ አጥታ ከሰው ጋር መቆጠብ ትተዋለች። ነገ ሱቅ ሊከፍት የሚፈልግ፣ ለባንክ የሚያስይዘው ንብረት የሌለው ታማኝ ወጣት መጥቶ ሲጠይቃቸው «ማመን ቀብሮ ነው» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ባልሠራው ጥፋት ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላሉ ነጋዴዎችም ሆነ ዋሽንግተን ላሉ ታክሲ ነጂዎች እቁብ መነሻ ገንዘብ የሚገኝበት በር ነው። አንድ ሰው በሩን ሲዘጋ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ደጅ ይቀራሉ።

ይህ ሁሉ ደግሞ በትልቁ ዕዳ አልተጀመረም። ካልሲ እየፈለጉ «ደርሻለሁ» ማለት የለመደ ሰው ትልቁ ፈተና ሲመጣ እውነት የሚናገርበት አቅም ከየት ያመጣል? ስለዚህ ልምምዱን ገልብጠው። የምትዘገይ ከሆነ የቀጠሮው ሰዓት ሳይደርስ ተናገር። 50 ብሯን ሳትጠየቅ መልስ። ዋስ ሁነኝ ስትል የሚመጣውን ሁሉ ዘርዝረህ ንገረውና ይወስን። የእቁብ ብር ያልሞላልህ ወር ሲመጣ ደግሞ ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ሳትጠብቅ ሰብሳቢው ዘንድ ራስህ ሂድና «አልሞላልኝም» በል። ታፍራለህ፤ ግን ቀድሞ የተነገረ ችግር መላ አያጣም። አንዱ ይሸፍንልሃል፣ ካልሆነም ቀን ይሰጥሃል፣ በሚቀጥለውም ዙር ስምህ ከዝርዝሩ አይወጣም።