ከመጽሐፍ ዕዳ ነፃ

የማስተርስ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ጋር በወጉ የሚተዋወቀው በክሊራንስ ቀን ነው። ወረቀቱን ይዞ ከፋይናንስ ወደ ንብረት ክፍል፣ ከንብረት ክፍል ወደ ሬጅስትራር ሲመላለስ ይውልና በመጨረሻ «ላይብረሪ» የምትል አንዲት መስመር ትቀረዋለች። «ላይብረሪው በየት በኩል ነው?» ብሎ መንገድ ላይ ያገኘውን የአንደኛ ዓመት ልጅ ይጠይቃል። ልጁ መምህር መስሎት በአክብሮት እስከ በሩ ይሸኘዋል። ሠራተኛዋ መዝገቧን ታገላብጥና «በስምዎ የወጣ መጽሐፍ የለም» ትላለች፤ ማኅተሙ ይመታል። በሁለት ዓመት ትምህርት ውስጥ ዜሮ ያመጣ ሰው በደስታ የሚያልፈው ፈተና ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ይህን የትምህርት ውድቀት ነው ብለው የሚያላዝኑ አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ሌላው ዓለም ቤተ መጻሕፍቱን በተጠቃሚው ብዛት ይለካል፤ እኛ ደግሞ ንብረት ባለመጉደሉ እንለካለን። መጽሐፉ አልጠፋም፣ አልተቀደደም፣ የገጹ ጠርዝ አልታጠፈም። ኦዲተር ቢመጣ አንዲት ጉድለት አያገኝም። እንዲህ ያለ የንብረት አያያዝ በየትኛው መሥሪያ ቤት አለ?

ስለዚህ ዘንድሮ አሰላ ለማስተርስ ለምትገባው ወንድሜ፣ በተለይም ቅዳሜና እሑድ ከአዳማ፣ ከሁሩታ፣ ከበቆጂ በሚኒባስ እየተመላለስህ ለምትማረው፣ ይህን ንጹሕ መዝገብ እንዳታበላሽብን ጥቂት ልምከርህ። ምክሩ ለአሰላ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ጎንደርም ጅማም ስድስት ኪሎም ብትሄድ ያገለግልሃል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግህ ሶፍት ኮፒ ነው። ሶፍት ኮፒ እንደ ርስት ከባች ወደ ባች ይወርዳል፤ ዋናው አባት ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ትቀበልና «ሄጦሳ» የሚለውን «ጢዮ» በሚለው ትተካለህ፤ ኮምፒዩተሩ በአንድ ትእዛዝ መቶ ሠላሳ ገጽ ያርስልሃል። ወረዳውን ሲቀይሩ ሰብሉን መቀየር የሚረሱ አሉ። ሶፍት ኮፒው ከጅማ የመጣ ከሆነ በዲገሉና ጢጆ ውርጭ መሐል የቡና ገበሬ ተቀምጦ ልታገኝ ትችላለህ። አትደንግጥ። ፈታኙም እዚያ ገጽ አይደርስም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ታሮ ያማኔ ይጠብቅሃል። በአገራችን የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች ውስጥ ከእሱ በላይ ስሙ የተጠራ፣ ከእሱም በላይ ያልተነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። የስታትስቲክስ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም በፈረንጆቹ 1967 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኒው ዮርክ ላይ ታተመ፤ እኛ ዘንድ ግን የደረሰችው አንዲት ቀመር ብቻ ናት። የሕዝቡን ቁጥር ትወስዳለህ፤ ያንኑ ቁጥር በስህተት መጠኑ ስኩዌር አባዝተህ አንድ ትጨምርበታለህ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላለህ። የስህተቱ መጠን 0.05 ነው። ለምን 0.05 ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ገና አልተወለደም። 10,000 አባወራ ያለበት ወረዳ 385 ሰው ይሰጥሃል፤ 100,000 ያለበት ደግሞ 399። ቻይናን በሙሉ ብታስገባው 400 ላይ ይቆማል። በረከቱን ተመልከት፤ የሰው ልጅ ቢበዛም ባይበዛም የምትበትነው መጠይቅ ከ400 አይበልጥም። ቀመሩ የሚያገለግለው ፐርሰንት ለመገመት እንደሆነ፣ ናሙናውም በቀላል ዕጣ መውጣት እንዳለበት፣ በቀበሌ ሊቀ መንበሩ ጥቆማ ለተሰበሰበ ሰው እንዳልተሠራ የስታትስቲክስ መጽሐፍ የከፈተ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ አትክፈት።

ከያማኔ ጎን የጥናት ዘዴ መጽሐፍ የጻፈው ኮታሪ 2004 ቆሟል። እሱንም ታስገባዋለህ፤ ካላስገባኸው አማካሪህ «ሜቶዶሎጂው ይሳሳል» ይልሃል። የገጽ ቁጥር ግን አትጻፍ። የገጽ ቁጥር መጻፍ መጽሐፉን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ መመስከር ነው፤ በሐሰት መመስከር ደግሞ በክርስትናውም በእስልምናውም ክልክል ነው።

መቼም ይህ 1967 የሚባል ዓመት ይገርማል። ያማኔ ኒው ዮርክ ላይ እትሙን ሲያወጣ በዚያው የፈረንጅ ዓመት እዚሁ አሰላ ላይ ካዱ ተቋቋመ። በስዊድን ርዳታ የጭላሎን አውራጃ ግብርና ለማልማት የመጣው ካዱ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ሌላ አንድ መጥፎ አመል ነበረው፤ ይጽፍ ነበር። በሬ ቆጠረ፣ ወተት ለካ፣ ጭሰኛው ለባለርስቱ ምን ያህል እንደሚከፍል ጠየቀ፤ ያገኘውንም በተራ ቁጥር እያተመ አወጣ። በ1972 በሄኖክ ክፍሌ የተሠራው ጥናት ደግሞ የሜካናይዜሽን እርሻ በጭላሎ ገበሬ ላይ ያመጣውን ጉዳት መረመረ፦ ምርቱ ሲጨምር ባለርስቱ ትርፉን አየ፤ ትራክተር ገባ፤ ጭሰኛው ከመሬቱ ተነሣ። የልማት ድርጅት ልማቴ ሰው እያፈናቀለ ነው ብሎ በራሱ ስም ያትማል! ዛሬ እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮጀክት ካለ ጠቁሙኝ፤ ሥራ አስኪያጁን ሄጄ እጅ እነሣለሁ።

አንተ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ራቅ። «የኩታ ገጠም እርሻ በጢዮ ወረዳ ስንዴ አምራቾች ገቢ ላይ ያለው አስተዋጽኦ» የሚል ርዕስ ይዘህ ያን ጥናት ብታነብ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚሁ ማሳ ላይ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተነቀለ ማለት ትጀምራለህ። ከዚያ ዛሬስ ብለህ ትቀጥላለህ። ጥያቄ ምረቃ ያዘገያል። ካዱን ጨምሮ የኢትዮጵያን የገጠር ልማት ሙከራ የመረመረው የጆን ኮኸን መጽሐፍ በ1987 ኡፕሳላ ታትሟል፤ አሳታሚው ተቋምም የቀድሞ ሥራዎቹን በኢንተርኔት በነፃ ያድላል። ስለ ጭላሎ ገበሬ ማወቅ የሚፈልግ ስዊድናዊ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያወርደዋል። የጭላሎን ተራራ በመስኮቱ የሚያየው ሰው ግን ያለፈው ዓመት ሶፍት ኮፒ ይበቃዋል።

ቁሉምሳስ? ወደ አዳማ ስትወርድ ገና ከከተማው ሳትርቅ በስተመንገድ የምታየው የግብርና ምርምር ማዕከል የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ማስተባበሪያ ነው። «ዲገሉ» የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2013 መጨረሻ በግንድ ዋግ ሲመታ፣ የመታው የዋግ ዘር በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ በዚሁ ዝርያ ስም ይጠራ ጀመር። የአርሲ ስም በዕፅዋት በሽታ ጆርናሎች ላይ እየተደጋገመ ወጣ። ይህን ሁሉ ማንበብ የሚቻለው ግን ጆርናል በሚከፍት ሰው ነው፤ የእኛ ሰው የሚከፍተው ዋትስአፕ ነው።

«ጆርናሉ በዶላር ነው፣ ከየት እናምጣ?» ትለኝ ይሆናል። ጎበዝ፤ ይህን ሰበብ አጥብቀህ ያዝ፤ እውነቱ ከታወቀ ያሳፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 የጤና ጆርናሎችን በነፃ ወይም በርካሽ የሚያስነብበውን ሂናሪን ከፈተ፤ በ2003 የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በግብርናው በኩል አጎራን አስከተለ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ተርታ ናት። ዩኒቨርሲቲ ይመዘገባል፤ የይለፍ ቃሉ ለቤተ መጻሕፍት ይሰጣል፤ ተማሪው ሄዶ ይጠይቃል። ችግሩ ይቺ «ሄዶ ይጠይቃል» የምትለዋ ናት። ሄዶ ከሚጠይቅ፣ ስልክ እንጨት ላይ «ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ ዳታ አናሊሲስ በጥራትና በፍጥነት» የሚል ወረቀት የለጠፈው ሰው ጋ ደውሎ ብሩን ቢቆጥር ይቀለዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ ያውም በስንዴ አገር።

እርግጥ ነው፣ መብራት ይጠፋል፤ ዋይፋዩ ደመና ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ የሚፈለገው መጽሐፍ ሪዘርቭ ክፍል ተቆልፎበት ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ይህን አልክድም። ግን ዋይፋዩ በደህና የሚሠራበት ቀን ምን ሲታይበት እንደሚዋል እኔም አንተም እናውቃለን፤ የማንቸስተር ጨዋታ እንኳ አንድ ጊዜ ሳይቆራረጥ አልቋል።

ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነው ያልኩ እንዳይመስልህ። ሙሉ ነው። ሐምሌ ላይ የአሰላ ብርድ አጥንት ሲሰብር ከዶርም ይልቅ እዚያ ይሞቃል፤ ሶኬትም አለ። የዲግሪ ልጆች ከንጋት ጀምሮ ወንበር በደብተር ይዘው የገዛ ሃንድአውታቸውን ሲሸመድዱ ታያቸዋለህ። መደርደሪያው ከጀርባቸው ቆሞ ነፋስ ይከላከልላቸዋል። ማስተርስ ተማሪው ግን እዚያ መታየት አይወድም፤ መጽሐፍ ይዞ ከታየ ሥራ የሌለው ይመስላል።

መምህራኑን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ያለ እነሱ ትብብር ይህ ሥርዓት አንድ ሴሚስተር አይቆምም። አማካሪው ረቂቁን ሦስት ወር ያቆየውና ሁለት ቃል ጽፎበት ይመልሳል፦ «ሪፈረንስ አብዛ»። አንብብ አላለም፤ አብዛ ነው ያለው። ተማሪው ታዛዥ ነውና ያበዛል። በዲፌንስ ቀን ደግሞ የውጭ ፈታኙ መነጽሩን አስተካክሎ የግራው ኅዳግ መጥበቡን፣ ፊደሉ ታይምስ ኒው ሮማን 12 መሆን ሲገባው አራተኛው ምዕራፍ ላይ 11 መሆኑን፣ የሠንጠረዥ ርዕስ ከላይ እንጂ ከታች እንደማይጻፍ ያስተምራል። ከጠቀስካቸው ሰማንያ መጻሕፍት አንዱን አንሥቶ «ይህ ሰውዬ ምን ነበር ያለው?» ብሎ የሚጠይቅ ፈታኝ ቢያጋጥምህ ክፉ ዕድል ነው። ቢሆንም አይጠይቅም፤ ከጠየቀህ እሱም መልሱን ማወቅ ሊኖርበት ነው።

ካለፍክ በኋላ ጽሑፍህ በጠንካራ ሽፋን ይጠረዛል፤ ስምህ በወርቅ ቀለም ይታተማል፤ አንዱ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ይገባል። በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ መሠረት ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠበቃል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብህ። ጽሑፍህ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ አንድ ሥራ ፈት ከሄጦሳው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊያነበው ይችላል። ሲዲውን በጥንቃቄ ሠርተህ አስረክብ፤ የማይከፈት ሲዲ ሠርቶ ማስረከብም ጥንቃቄ ነው።

የምስጋናውን ገጽ ግን አደራ እንዳትረሳ። ፈጣሪን ታስቀድማለህ፣ አማካሪህን ታስከትላለህ፣ ባለቤትህንና ልጆችህን ታነሣለህ፤ ቀጥለህም «ያለ መታከት መጻሕፍት ላቀበሉኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች» ብለህ በስም በስማቸው ታመሰግናለህ። ስማቸውን ከየት አመጣለሁ ብለህ አትጨነቅ፤ ሶፍት ኮፒው ላይ ተዘርዝሮ አለ። ከተዘረዘሩት አንዷ ጡረታ ከወጡ ሰነባብተዋል ይባላል። እሳቸውንም አመስግናቸው።