ሦስት ቄቦች በአንድ ግቢ፦ የመንቆር ተራን የሚመለከት የመስክ ጥናት

ዶሮ በአገራችን በቂ ጥናት አልተደረገባትም ማለት አይቻልም። በየበዓሉ ዋዜማ በየቤቱ በ12 ብልት ትገነጠላለች፣ በሎሚና በጨው ትታጠባለች፣ አጥንቷ አንድ በአንድ ይመረመራል። ክፍተቱ ያለው በሕይወት ሳለች ባለው ዘመኗ ላይ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በአዲስ አበባ፣ በአንድ ግቢ ጓሮ ውስጥ፣ ከጥር ወር እስከ ፋሲካ ጥናት ተካሂዷል። አጥኚው የቤቱ አባወራ ነው፤ ወጪውን የሸፈነውም እሱ ነው።

ለጥናቱ መነሻ የሆነው ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ ነው። ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ ዶሮዎች በዘፈቀደ እንደማይነቋቆሩ አሳየ። ተራ አላቸው። የበላይዋ ሁሉንም ትነቁራለች፤ የመጨረሻዋን ሁሉም ይነቁሯታል። ኖርዌያዊው ተራውን ያገኘው በጓሮ ነው፤ እኛ ደግሞ በድስት ውስጥ ካገኘነው ቆይተናል። በእኛ ቤት ፈረሰኛው ለአባወራ፣ መላላጫው ለትልቅ ሰው፣ አንገትና ክንፉ ለልጆች ነው። ሁለቱ ግኝቶች ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ ማጣራት የዚህ ጥናት ዓላማ ነው።

ቄቦቹ የተገዙት ከሾላ ገበያ ሲሆን ምርጫውን ያካሄዱት የአጥኚው አማት ናቸው። አጥኚው ነጋዴውን ስለ ዝርያና ስለ ፈንግል ክትባት ሲጠይቅ፣ እሳቸው እያንዳንዷን ብድግ አድርገው ደረቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከጭራዋ በታች ያለውን ላባም እፍ ብለው ገልጠው አዩ። ምን እንዳዩ ቢጠየቁ «ደኅና ናት» አሉ። በዚህ ዘዴ አንዲት ገብስማ፣ አንዲት ቀይና አንዲት ነጭ ተመረጡ። በካርቶን ሆነው ታክሲ ሲሳፈሩ ረዳቱ ሦስቱን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ ሒሳብ ተቀበለ። የዶሮና የሰው ምጣኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ የተተመነው ያኔ ነው፤ በኋላ ግን ምጣኔው አልጸናም።

አጥኚው ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶ በቆርቆሮ የዶሮ ቤት ሠርቶ ነበር። መስኮት አለው፤ መወርወሪያም አለው። ቄቦቹ ቤት እስኪለምዱ ሦስት ቀን በሲባጎ ታስረው ቆዩ። በአራተኛው ቀን ተፈቱ፤ ሲመሽም የቤቱን ደጃፍ አልፈው ጌሾው ላይ ሰፈሩ። አማትየው ከበርጩማቸው ሳይነሱ «ልጄ፣ ዶሮ እኮ ቆጧን ራሷ ታውቃለች» ሲሉ አስተያየት ሰጡ። ቤቱ በአሁኑ ጊዜ ከሰል ይቀመጥበታል።

የመንቆር ተራው በአንድ ሳምንት ውስጥ ረጋ። ገብስማዋ ቀይዋንም ነጯንም ትነቁራለች። ቀይዋ ነጯን ትነቁራለች። ነጯ የምትነቁረው አልነበራትም። እስከዚህ ድረስ ውጤቱ ከኖርዌይ ጋር ይስማማል። በአሥረኛው ቀን ግን ነጯ ፉርሽካ ሊሰጥ ወደ ጎነበሰው አጥኚ ጠጋ ብላ፣ በነጠላ ጫማው ያለፈውን የአውራ ጣት ጥፍር ነቆረች። ጥፍሩ ጥሬ መስሏት ይሆናል የሚል አማራጭ ማብራሪያ ቀርቦ ነበር። በማግስቱ አጥኚው ካልሲ አድርጎ መጣ። ደገመችው።

ከዚያ ወዲህ አጥኚው ወደ ጓሮ ሲወጣ የትኛዋም ከደጃፍ አትነሳለትም፤ ዞሮ ያልፋል። የሰባት ዓመት ልጁ ስትወጣ ግን ሦስቱም እየሮጡ ይመጣሉ፤ ገብስማዋማ ክንፏን ከፈት አድርጋ መሬት ላይ ዝቅ ትልላታለች። ሊጥል የደረሰ ቄብ እንዲህ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ለምን ለእሷ ብቻ እንደሆነ ግን ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ዕንቁላል የተጣለው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዕንቁላል ከወተትና ከማር ጋር በየቤቱ ማዕድ ላይ እንዲቀርብ ያለመ ነው። ሦስቱ ቄቦችም በዚሁ መንፈስ ሠርተዋል፤ የጾሙን አቆጣጠር የነገራቸው ስለሌለ ብቻ በ55 ቀን 98 ዕንቁላል ጣሉ፤ በጣሉ ቁጥርም ሰፈሩ እስኪሰማ አስካኩ። አንድ ዕንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚያልፍ የመጣያው ሰዓት በየቀኑ ይንሸራተታል። ነጯ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀምራ ቀስ በቀስ ወደ እኩለ ቀን ደረሰች፤ ከዚያ አንድ ቀን ዘልላ እንደገና ከማለዳ ተነሳች። ያለ አውራ ዶሮ ዕንቁላል አይገኝም ብለው ሲከራከሩ የነበሩ አንድ ጎረቤት 10 ዕንቁላል በስጦታ ተልኮላቸው ነበር። ተቀብለው፣ «እንግዲያው ይሄ ዕንቁላል አይደለማ» አሉ። እነዚህ ዕንቁላሎች ጫጩት እንደማይሆኑ ለማለት ከሆነ አጥኚው ይስማማል። የቀረው ከፊሉ ለሱቅ ተሸጠ፤ ዋጋው የጾም ዋጋ ነው። የሒሳቡ ክፍል በአጥኚው ባለቤት ጥያቄ ከዚህ ጽሑፍ ወጥቷል።

ለፋሲካ ከሦስቱ አንዷ ትታረድ የሚል ሐሳብ አጥኚው በዘዴ ለማንሳት ሞክሮ ነበር። ነጯን ነበር ያሰበው። ልጅቷ ጓሮ ወጥታ በሩን ከውጭ ዘጋች። ስለዚህ ሌላ አውራ ዶሮ ተገዛ፤ አጥኚው ባረከ፤ ባለቤቱ 12 አድርጋ ገነጠለች፤ ከጾሙ የተረፈውም ዕንቁላል ወጡ ውስጥ ገባ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሌሊት ላይ፣ ሁሉም ገበታውን ከበበ። መላላጫው ለአማትየው ወጣ። ጭልፋው እንደገና ድስት ውስጥ ገባ፤ ፈረሰኛውን ይዞ ወጣ፤ በአጥኚው ፊት አልፎ ልጅቷ ፊት ደረሰ። «ዕንቁላሉን የሰበሰበችው እሷ ናት» አለች ባለቤቱ።

አጥኚው የደረሰው ክንፍ ነው።