ለአላፊ አግዳሚው ከባቱ የተሰጠ መልስ

«ባቱ ምን አላት? ዓሣ በልቶ ወደ ሐዋሳ መንጎድ ነው!» የምትል ወንድሜ፣ የበላኸው ዓሣ በአይሱዙ የመጣ መሰለህ እንዴ? ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተህ ደርሰህ፣ በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ሲቀርህ መሪህን አዙረህ ሄድክ። ሆድህ ጠግቦ ዓይንህ ጦሙን አደረ። እኛ የምንኖረው አንተ ያላየኸው ሐይቅ ዳር ነው። ስሙ ደምበል ይባላል፤ ብዙዎቻችሁ እንደ ከተማዋ ዛሬም ዝዋይ ትሉታላችሁ። በፈለጋችሁት ጥሩት፤ ብቻ ሳታዩት አትለፉ።

«ሐዋሳ ትበልጣለች» ትላለህ ደግሞ። ሐዋሳን ማን ጠላ? አሞራ ገደልን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሁለት እህትማማቾች ያሉበት ቤት ገብቶ ታናሺቱን በታላቂቱ ፊት የሚያሞግስ አማች ምን ዓይነት አማች ነው? ሐዋሳ ለሽርሽር ተኳኩላ ትጠብቅሃለች። ባቱ ሥራ ላይ ናት። እንግዳዋን የምትቀበለው እጇ ላይ ያለውን ጭቃ እየጠረገች ነው፤ እኔ የምወዳትም ለዚህ ነው።

«ፀሐዩ ይገድላል!»

አይገድልም፤ ያሠራል። ከተማችን ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወይና ደጋ ናት እንጂ በረሃ አይደለችም። ቀን ፀሐይ አናትህን ቢያገኝህም ማታ ጋቢ ያስፈልግሃል። ጽጌረዳ የሚወደው ይህንን ነው፤ ቀን ብርሃን፣ ሌሊት ቅዝቃዜ። ከተማዋ ጫፍ ላይ የተዘረጋውን ነጭ የላስቲክ ቤት አይተህ «ሐይቁ መሰለኝ» ያልከው እሱ የአበባ እርሻ ነው። ከ10 ሺህ በላይ ሰው እዚያ ውሎ ይገባል፤ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ማለዳ ገና ጎህ ሲቀድ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ ሥራ ሲጓዙ ብታይ፣ ፀሐዩን ለመርገም አፍህ አይከፈትም። አውሮፓ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አበባ የነሱ የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ቢያንስ «ደህና አደራችሁ» በላቸው።

አሁን ወደ ወይኑ።

«ኢትዮጵያንና ወይንን ምን አገናኛቸው?» ያልከው ጎረምሳ፣ ቅዳሴ አስቀድሰህ አታውቅም ማለት ነው። ዘቢብ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቁርባን ሲቀርብ ስንት ዘመኑ ነው! ጉደርን ያህል ወይን ጠጅም ገና ያንተ አባት ሎሚ ሳይወረውር ጠረጴዛ ላይ ነበረ። ባቱ ላይ አዲስ የሆነው ነገር ሌላ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል እዚህ አሸዋማ መሬት ላይ ከአገሩ ያመጣውን የወይን ተክል ተከለ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ፤ እነዚህ ሁሉ አሁን የኛ ጎረቤቶች ናቸው። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉት ጠርሙሶች በፈረንጆቹ 2014 ገበያ ላይ ዋሉ።

«ፈረንሳይ እንደሚጠመቀው ግን አይሆንም» አለችኝ አንዲት ከፓሪስ የመጣች እህት። ለምን ይሁን እህቴ? እንደዚያው እንዲሆን ከፈለግሽ እዚያው ቆይተሽ መጠጣት ነበረብሽ! ፈረንሳይ ውስጥ ወይኑን የሚያስተኛው ብርዱ ነው፤ ቅጠሉን አራግፎ ወራቱን ሙሉ ያሳርፈዋል። ባቱ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ነው። እዚህ ወይንን የሚያስተኛ ብርድ የለም፤ ዝም ከተባለ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ላይ ቅጠል ሲደርብ ይኖራል። ወቅት የሚፈጥርለት ሰው ነው። የባቱ ልጅ መቀሱን ይዞ በረድፉ መሐል ይገባል፤ ይገርዘዋል፣ ውሃውን ይለካለታል፣ መቼ እንደሚያቆጠቁጥና መቼ እንደሚያፈራ ይወስንለታል። ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ ሰማይ የሚሠራውን እዚህ የሰው እጅ ይሠራዋል። በዚያ ላይ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት በእርሻው ዙሪያ ሰፊ ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦርዶ ውስጥ ጉማሬ ፈርቶ ቦይ የቆፈረ ባለ ወይን ካለ አምጪልኝና እንወዳደር!

«እኔ በኮካ ካልበረዝኩት አይወርድልኝም» የሚልም አለ። ጌታዬ፣ ገንዘቡ ያንተ ነው፤ ብርጭቆውም ያንተ ነው። ግን ያ ልጅ መቀሱን ይዞ ፀሐይ ላይ የቆመው ለኮካ አይደለም። ጣፋጭ ከወደድክ ጣፋጭነት ያለው አለልህ። ካልሆነም ነጩን ቀዝቀዝ አድርገህ፣ ከተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ጋር መጀመሪያ ሁለት ጉንጭ ብቻውን ቅመሰው። ከዚያ በኋላ ኮካ ካማረህ እኔው ራሴ ገዝቼ አመጣልሃለሁ።

«ውሃው ግን ደፍርሷል፤ ላንጋኖ ሳይሻል አይቀርም» ትላለች ሌላዋ። ላንጋኖስ መቼ ጠርቶ ያውቃል? ደምበል ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከታች ያለውን ደለል ወደ ላይ ያነሳዋል። ታዲያ ጨዋማ ውሃ አይደለም፤ የሻላንና የአቢጃታን ሐይቆች ቀምሰሽ ነይና እናውራ። ይህንን የደፈረሰ ያልሽውን ውሃ ከብቱ ይጠጣዋል፤ የመቂና የባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት ይጠጣዋል፤ አዲስ አበባ ላይ የምትከትፊው ሽንኩርት ሳይቀር።

«ያ መላጣ ወፍ ደግሞ አስጠላኝ!» አባ ኮዳን ነው? እሱን አትንኩብኝ። ዓሣ አጥማጆቹ ሲገፍፉና ሲያጸዱ የተረፈውን አንጀትና ጭንቅላት ከዳርቻው የሚያነሳልን እሱ ነው፤ ደመወዝ ጠይቆንም አያውቅ።

ታሪክ የለም ላልከው መልሱ ውሃው ላይ ነው። ደምበል አምስት ደሴቶች አሉት፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸዴቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። ዘመናት ያሳለፉባቸው የዛይ ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ ታንኳ ቀዛፊዎች፣ የቱሉ ጉዶን ተዳፋት በእርከን ያረሱ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው ቱሉ ጉዶ ላይ እንዳቆዩአት አበው ይናገራሉ፤ የደብረ ጽዮን ገዳምም የብራና መጻሕፍቷን ይዛ እዚያው አለች። አሁን ከዛዮች ብዙዎቹ ወደ የብሱ ወጥተዋል፤ ቋንቋውን የሚናገሩትም ጥቂት እየሆኑ ነው። ይህ ያሳስበኛል። ጎብኚ ሆይ፣ ጀልባ ስትከራይ የሚቀዝፍልህን ሰው ስሙን ጠይቀው፣ በቋንቋው ሰላምታ አስተምረኝ በለው። ማለዳ ሂድ ታዲያ፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ «መልሱኝ» ብትል ቀዛፊውም መልስ የለውም።

በመጨረሻ የመጡብኝ አንድ ባለ እርሻ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ሐይቅ የሚያህል ነገር አንድ ፓምፕ ምን ይቀንሰዋል?» አሉኝ። ጋሼ፣ ፓምፕዎ አንድ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን የጎረቤትዎም «አንድ» ነው፤ የሱ ጎረቤትም እንደዚሁ። በየዳሩ የሚንዶቀዶቀውን ሁሉ ይደምሩት። ደምበል ውሃ የሚያገኘው ከመቂና ከቀጣር ወንዞች ነው፤ የተረፈውን በቡልቡላ በኩል ለአቢጃታ ይሰጣል። እኛ እዚህ ስንጠጣበት፣ እዚያ ታች ለሶዳ አሽ ሲቀዳ፣ አቢጃታ ከዳርቻው ሸሽቷል፤ ድሮ ውሃ የነበረበት ቦታ ዛሬ አቧራ ነው። ፍላሚንጎ ወደሚያዩበት ሄደው ይዩት፤ ሩቅ አይደለም። እምቦጩም ደምበል ላይ ታይቷል፤ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ ሲደርሰው እንደሚፋፋ እርስዎም ያውቁታል።

«ታዲያ እርሻዬን ልዝጋው?» አሉ ቆጣ ብለው።

ማን ይዝጉ አለ ጋሼ? ባቱ በእርሻ የምትኖር ከተማ ናት፤ ወይኑም፣ አበባውም፣ ሽንኩርቱም ሥራችን ነው። እኔ የምለው ቆጣሪ ይግባ ነው። ቤቴ ያለችው ትንሽ ቧንቧ ቆጣሪ አላት፤ በየወሩ ይነበባል፣ በየወሩ እከፍላለሁ። ሐይቁ ዳር የተተከለ ሞተር ግን ስንት እንደጠጣ የሚጠይቀው ከሌለ ምን ይባላል? ትልቁም ትንሹም ይለካ፤ ልኩም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ዓሣ አጥማጁም ያንብበው። የርስዎ ቁጥር ትንሽ ሆኖ ከተገኘ፣ በሕዝብ ፊት ቆሜ አመሰግንዎታለሁ።