የአያ ሸረሪት ዓርማ

አያ ሸረሪት ከዶርዜ ተራራ ተነሥቶ እንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ሰፈረ። ሸማ እየሠራም የከተማውን አራዊት ሁሉ አለበሰ። አንድ ቀን አንበሳ አዋጅ አስነገረ፦ «ቤት ያለው ሁሉ የዘሩን ዓርማ በደጁ ይስቀል፤ ዓርማ የሌለው እንግዳ ነው!»

ሸረሪት ወደ ሠዓሊዋ ወደ እመት እስስት ሄደ።

«ዘውድ የደፋ አንበሳ ልሣልልህ፤ ከተማው ሁሉ እሱን ነው የሚያስሥለው» አለችው።

«የለም፣ እኔ ከአንበሳ ቤት አልወጣሁም። ዝሆን ሣዪልኝ።»

የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ይሠራል፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል፤ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ደጋ ዛሬ ዝሆን የለም፤ መልኩ ግን በቤቱ ላይ ቀርቷል። ከዝሆኑ ሥር መወርወሪያ አስሣለ፤ ዙሪያውን የዱንጉዛን፣ የአገሩን ሸማ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አስቀባ። በመጨረሻ «ምስጥ ጨምሪበት» አላት።

ከተማ የተወለደችው ልጁ ተቆጣች። «አባዬ፣ ቤት የሚበላብንን ጠላት በደጃችን ልትሰቅለው ነው?»

«ልጄ፣ ምስጥ የቤታችንን እግር ይበላል፤ ቤቱም እያደር ያጥራል። እኛ ግን ቤቱን አንሥተን፣ ተሸክመን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን። እኔም እዚህ የደረስሁት እየተበላሁ ነው። ያጎደለኝን ትቼ ያማረልኝን ብቻ ባስሥል ዓርማው ይዋሻል።»

አባትየው ልክ ነበር። ጉዳቱን የደበቀ ዓርማ ለልጅ ልጅ ከየት እንደመጣ አይነግረውም።

አንበሳ ዓርማውን አይቶ «ይህ የሩቅ አገር ነው፤ እንግዳ ነህ» አለ።

ልጅቷ መለሰች፦ «ጌታዬ፣ የተቀመጡበት ጥላ የማን ነው? ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን ሲያለብስ ማን እንግዳ አለው?»

አንበሳ መልስ አጣ። ጅቦች ግን በሌሊት መጥተው ዓርማውን ከነደጁ ሰባበሩት። ወሬው የዶርዜ አገር ጋሞ ሲደርስ ጎበዛዝቱ ለበቀል ተነሡ፤ አባቶች መንገዱን ዘግተው መለሷቸው። ልጅቷም ዓርማውን እንደገና ስታስሥል በምስጡ አጠገብ አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር አስጨመረች።

ሣሩን ከእውነት ወስጄዋለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው ተገድለውና ተፈናቅለው ሳለ፣ የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል በወጡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን ሳይሻገሩ ተመለሱ።