ፊቴን የላጥኩ ሰሞን

አሲድ ሲባል እኔ የማውቀው የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ነበር። የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሁለት ጠርሙስ የፊት አሲድና አንድ ትልቅ ክሬም ስትልክልኝ ክሬሙን ወደ ጎን አደረግሁት። ፊቴ እንደሆነ ወዛም ነው፤ በቅባት ላይ ቅባት ምን ይሠራል? አሲዶቹን ግን፣ ግላይኮሊኩንም ሳሊሲሊኩንም፣ ማታ ማታ ደራርቤ ተቀባኋቸው። ካቃጠለ እየሠራ ነው ብዬ።

በአምስተኛው ቀን ፊቴን ውሃ ሲነካው አዋዜ የተለቀለቅሁ መሰለኝ። አፍንጫዬ ግራና ቀኝ ተልጧል። እናቴ በሩን እንደከፈተችልኝ፣ «አንተ፣ ሽሮ ፈነዳብህ እንዴ?» አለች።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ በየማታው ነው የተቀቡት? ሁለቱንም?» ብላ ዝም አለች። ከዚያ ትምህርቱ መጣ። የቆዳ ላይኛው ሽፋን እንደ ግንብ ነው አሉ፤ የሞቱት ሴሎች ጡቡ፣ በመሀላቸው ያለው ስብ ማያያዣው። ግላይኮሊክ የሞቱት ሴሎች የተያያዙበትን ያላላል። ሳሊሲሊክ በቅባት ስለሚሟሟ የቆዳው ቀዳዳ ድረስ ይዘልቃል። በልኩ ከሆነ አሮጌውን ያራግፋሉ፤ ሲበዛ ግንቡ ራሱ ይሳሳል። ያ የናቅሁት ክሬም ነው ለካ ማያያዣውን የሚተካው። ግንበኛውን አባርሬ አፍራሹን በሁለት ፈረቃ ቀጥሬ ኖሯል።

«ክሬሙ ውስጥ ምን አለ?» አልኳት።

«ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮል፣ ፋቲ አሲድ።»

ኮሌስትሮል! ሐኪሜ ቀንስ እያለ የሚያስፈራራኝን እሷ ፊትዎን ይቀቡት ትለኛለች። ሦስተኛው ደግሞ ይኸው፣ እሱም አሲድ።

ፍርዱ፦ ማቃጠሉ እስኪጠፋ አሲድ የሚባል የለም፤ ለስላሳ መታጠቢያና ክሬሙ ብቻ። በላዩ ስስ ቫዝሊን ቢደረብ አይከፋም። ለጋ ቅቤ ይዛ ቆማ የምትሰማው እናቴ ቅቤውን አስቀመጠችና፣ «በቫዝሊን አይደል እንዴ ያሳደግሁህ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ዝም የሚያሰኛት አልተገኘም።

የፀሐይ መከላከያም ታዞልኛል። ግላይኮሊክ የነካው ቆዳ ለፀሐይ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። የእኛ ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ቂም ይይዛል፤ ቁጣው ከበረደም በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቀመጣል። የእኔ ግራ ጉንጭ ምስክር ነው።

አሁን ሰው በሚጾምበት ረቡዕና ዓርብ የእኔ ፊት ይፈስካል፦ ረቡዕ ማታ ግላይኮሊኩ፣ ዓርብ ማታ ሳሊሲሊኩ፣ ደረቅ ሲል ክሬሙ። ሌላው ቀን ክሬም ብቻ ነው።

ክሬሙ ግን ሊያልቅ ነው። ግማሹን እናቴ ለተረከዟ ወስዳዋለች።